የበዓል ሽንኩርት በፉድ ፕሮሰሰር፦ ጣትም ወጥም ሳይበላሽ

ለአንድ ዶሮ ሁለት ሦስት ኪሎ ሽንኩርት በቢላ መክተፍ ምን ያህል ጉልበትና እንባ እንደሚጠይቅ ለእርስዎ መንገር አያስፈልግም። ፉድ ፕሮሰሰር ይህን ሥራ በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። ሆኖም ማሽኑን ገዝቶ አንድ ሁለት ጊዜ ከሞከረ በኋላ «ሽንኩርቱን ውኃ አደረገብኝ» ብሎ ወደ ቢላው የተመለሰ ሰው ብዙ ነው። ሽንኩርቱ ውኃ የሚሆነው ቁልፉ ከሚገባው በላይ ስለሚጫን ነው። እጅ የሚቆረጠው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ ከቆመ በኋላ፣ ሲፈታና ሲታጠብ ነው። እነዚህን ሁለት ነገሮች ካወቁ ሌላው ሁሉ ቀላል ነው።

መጀመሪያ መብራቱ

ከመሰካትዎ በፊት ማሽኑን ገልብጠው ሥሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ያንብቡ። 220–240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ የሚል ከሆነ ከአገር ቤት መብራት ጋር ይስማማል። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ከሆነ ግን 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ሊሆን ስለሚችል በቀጥታ ከሰኩት ሞተሩ ይቃጠላል። ከሱቅ የሚገዛው ትንሹ አዳፕተር የሚቀይረው የእግሩን ቅርጽ ብቻ ነው፤ ቮልቱን አይነካውም። ቮልቱን የሚቀንሰው ትራንስፎርመር ነው፤ የትራንስፎርመሩም ዋት ከማሽኑ ዋት በደንብ መብለጥ አለበት። እንዲያም ሆኖ ኸርዙ ስለማይቀየር አንዳንዱ ሞተር በዝግታ ይዞራል፣ ቶሎም ይግላል። በእኔ አስተያየት ለበዓል ሥራ የሚታሰብ ማሽን ከዚሁ አገር መብራት ጋር የሚስማማ ሆኖ ቢገዛ ይሻላል። ከዱባይ የመጣው በቮልቱ አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው ሦስቱ ጠፍጣፋ እግሮቹ ናቸው፤ ለእነሱ የማይወላገድ አዳፕተር ይበቃል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ በተሰካበት ማከፋፈያ ላይ ፉድ ፕሮሰሰር አይሰኩ። ምጣዱ ብቻውን ከ3 ሺህ ዋት በላይ ሊስብ ይችላል፤ ሌላ ሲጨመርበት ገመዱ ይግላል፣ ማከፋፈያው ይቀልጣል። መብራቱ ጉልበት አጥሮት ሞተሩ እያጉረመረመ መዞር ካቃተው ደግሞ ወዲያው ያጥፉት። ቆሞ የሚያጉረመርም ሞተር እየተቃጠለ ያለ ሞተር ነው።

ሥራ ላይ እያሉ መብራት ቢሄድ መጀመሪያ የሚያደርጉት መሰኪያውን መንቀል ነው። ብዙ ሰው መብራት ሲሄድ ማሽኑ የጠፋ ይመስለውና ክዳኑን ከፍቶ በስለቱ ዙሪያ የተጣበቀውን በጣቱ ማራገፍ ይጀምራል። ማብሪያው ግን እንደበራ ነው። የክዳኑ መቆለፊያ ያረጀ ከሆነ መብራቱ በመጣበት ቅጽበት ስለቱ ይዞራል። መሰኪያው በእጅዎ ካለ ይህ ሊደርስ አይችልም።

ከመብራቱ ሌላ ስለቱም ይታይ፦ ማሽኑ ከአሜሪካ የመጣ አሮጌ ኩዊዚናርት ከሆነ ስለቱን አገላብጠው ይዩት። ኩባንያው በፈረንጆች ዲሴምበር 2016 ወደ 8 ሚሊዮን የሚጠጉ ስለቶችን ከገበያ ጠርቶ ነበር። ስለቶቹ በአራት ሪቬት የተያያዙ ሲሆኑ እየተሰነጠቁ ስብርባሪያቸው ምግብ ውስጥ ተገኝቷል። ከ1996 እስከ 2015 ከተሸጡ ማሽኖች ጋር የነበሩ ናቸው፤ እንዲህ ያለው ዕቃ ደግሞ በሻንጣ ተጭኖ አገር ቤት ሊገባ ይችላል። የእርስዎ ማሽን የሌላ ኩባንያ ቢሆንም ልማዱ አይጎዳም፦ በየጊዜው ስለቱን ወደ ብርሃን ይዘው ብረቱና ፕላስቲኩ የሚገናኙበትን ቦታ ይመርምሩ። እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ካዩ በዚያ ስለት ከዚያ በኋላ አይሥሩ።

አገጣጠሙ ቅደም ተከተል አለው

ማሽኑን የማያንሸራትት ደረቅ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡ፤ ገና አይሰኩት። ጎድጓዳውን ሞተሩ ላይ አድርገው «ቀጭ» እስኪል ያዙሩ። ቀጥሎ ስለቱን መሐሉ ላይ ባለው የፕላስቲክ አንገት ብቻ ይዘው ወደ ዘንጉ ያውርዱት። እስከ ታች መውረዱን ያረጋግጡ፤ በከፊል የወረደ ስለት ሞተሩ ሲነሳ ክዳኑን ይመታል። ከዚያ ምግቡን ይጨምሩ፣ ክዳኑን ገጥመው ያዙሩት፣ መጨረሻ ላይ ይሰኩ። ሲፈታ መጀመሪያ የሚነቀለው መሰኪያው ነው።

ክዳኑ ካልተቆለፈ ማሽኑ አይነሳም፤ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። የክዳኑ ጥርስ ሲሰበር መቆለፊያው ቀዳዳ ውስጥ የማንኪያ እጀታ ወይም ስንጥር ወትፎ ማሽኑን ክፍት እያለ የሚያስነሳ ሰው አለ። እባክዎ ይህን አያድርጉ፣ ሌላውም ሲያደርግ ዝም ብለው አይለፉ። ክዳን ተፈልጎ ይገዛል፤ ካልተገኘም ማሽኑን መተው ይሻላል።

ከክዳኑ በላይ ባለው ቱቦ ምግብ ሲያስገቡ የሚገፋው አብሮ የመጣው የፕላስቲክ መግፊያ ነው። ጣትም፣ ማንኪያም፣ ቢላም አይገባም። ማንኪያ ስለቱን ከነካ ሁለቱም ይሰበራሉ፣ ስብርባሪውም ወጡ ውስጥ ይገባል።

በብዙ ቤት ማሽኑን የሚጠቀመው የገዛው ሰው አይደለም። የቤት ሠራተኛዋ ናት፣ ወይም ከገጠር የመጣች እህት ወይም የአክስት ልጅ። መመሪያው በእንግሊዝኛ ወይም በቻይንኛ ነው፤ እሷም ማሽኑን አበላሻለሁ ብላ ስለምትፈራ አትጠይቅም። ስለዚህ ዕቃውን ለሌላ ሰው ሲሰጡ አብረው ቆመው አንድ ጊዜ ሙሉውን ያሳዩ፣ ከዚያ እሷ እየሠራች እርስዎ ይዩ። «ተጠንቀቂ» ብሎ መሄድ ማስተማር አይደለም። ሽንኩርት ቢበላሽ ምንም ማለት እንዳልሆነ ግን መብራት ሳይነቀል እጅ እንደማይገባ በግልጽ ይንገሯት። የሥራ ዕቃን ከነአደጋው ማሳወቅ የአሠሪው ኃላፊነት ነው።

ሽንኩርቱ

ለወጥ የሚፈለገው የተከተፈ ሽንኩርት ነው፤ የተፈጨ አይደለም። ልዩነቱ ቁሌቱ ላይ ይታያል። የተከተፈው ድስት ውስጥ ሲገባ ውኃውን ቀስ በቀስ ስለሚለቅ ያለ ዘይት ሲቁላላ እየጠወለገ፣ እየጣፈጠ፣ ቀለሙን እየለወጠ ይሄዳል። ማሽኑ ያደቀቀው ግን ውኃውን በአንድ ጊዜ ስለሚለቅ መቁላላቱ ቀርቶ ይፈላል፤ ያ ሁሉ ውኃ እስኪተን ሰዓት ይፈጃል። ጣዕሙም ይለወጣል። ሽንኩርት ሲቆረጥ ውስጡ ተለያይተው የነበሩ ኢንዛይምና የሰልፈር ውሁዶች ይገናኛሉ፤ ዓይን የሚያቃጥለውና ምላስ የሚነክሰው ከዚያ የሚወጣው ነገር ነው። ሽንኩርቱ በደቀቀና ደቅቆ በቆየ ቁጥር ይህ ይብሳል። «ማሽን የነካው ሽንኩርት ይመራል» የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው፤ አባባሉ ያለ ምክንያት አይደለም፣ መፍትሔ ግን አለው።

ሽንኩርቱን ልጠው፣ አጥበው፣ ውኃው እንዲንጠፈጠፍ ወንፊት ላይ ያድርጉት። ጊዜ ካለዎት ግማሽ ሰዓት ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆይ፤ የቀዘቀዘ ሽንኩርት ዓይን የሚያቃጥል ጋዝ ብዙ አይለቅም። ከዚያ እኩል በሆነ መጠን ይቁረጡት፦ መካከለኛውን አራት ቦታ፣ ትልቁን ስምንት ቦታ። የሐበሻ ሽንኩርት ትንንሹ ሁለት ቦታ ቢከፈል ይበቃዋል። እኩል መሆኑን ችላ አይበሉ። አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ከሆነ ትልቁ እስኪከተፍ ትንሹ ጭማቂ ይሆናል፤ ማሽኑ ሊያስተካክለው አይችልም።

ጎድጓዳውን እስከ ግማሹ ብቻ ይሙሉ። አሁን ሥራው የፐልስ ቁልፍ ነው። ይጫኑ፣ በልብዎ «አንድ» ይበሉ፣ ይልቀቁ። ከለቀቁ በኋላ ወዲያው አይድገሙ፤ ወደ ላይ የተወረወረው ሽንኩርት ተመልሶ ሥር እስኪወርድ ይጠብቁ። የፐልስ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ ላይ የነበረው ሲወርድ ለስለቱ ተራው ይደርሰዋል። ያለ ማቋረጥ ከተጫነ ግን ሥር ያለው እየተፈጨ ላይ ያለው ሳይነካ ይቀራል። አራት ጊዜ ያህል ካደረጉ በኋላ ይንቀሉ፣ ከፍተው ግድግዳው ላይ የተጣበቀውን በፕላስቲክ ወይም በእንጨት ማንኪያ ወደ ታች ያውርዱ፣ መልሰው ዘግተው ሦስት አራት ጊዜ ይድገሙ።

መቼ እንደሚያቆሙ ዓይንዎ ይነግርዎታል። ፍሬው ምስር ሲያክል በቃው። ጎድጓዳውን በትንሹ ዘንበል ያድርጉት፤ ሽንኩርቱ ተያይዞ ከተንሸራተተና ከሥሩ ደመናማ ውኃ ከተጠራቀመ አልፈዋል። ውኃ ሳይኖር ተበታትኖ ከወደቀ ልክ ነው። በመካከሉ ሦስት አራት ያልተከተፈ ቁራጭ ቢቀር ለእሱ ብለው ሁሉንም እንደገና አያዙሩ፤ ለቅመው ከሚቀጥለው ዙር ጋር ይጨምሩት።

ካለፈብዎትም አይጣል። ወንፊት ላይ አድርገው ውኃውን በሌላ ዕቃ ያጥልሉ። የጠነከረውን ያቁላሉ፣ የተጠለለውን ደግሞ ወጡ ውኃ ሲፈልግ ጠብ እያደረጉ ይጨምሩ፤ ጣዕሙ አይባክንም። የተከተፈው ሽንኩርትም ሆነ የተጠለለው ውኃ ሳያድር ድስት ውስጥ ቢገባ ጥሩ ነው። ለነገ የሚሆን ከተከተፈ በደንብ ተከድኖ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይደር።

ይህ ዓይነት ማሽን መጀመሪያ የታሰበው በፈረንሳይ በፈረንጆች 1960ዎቹ ለሬስቶራንት ወጥ ቤቶች ነበር፤ ያኛው ቀኑን ሙሉ እንዲሠራ የታሰበ ነው። ለቤት የሚሸጠው ሞተሩ አነስተኛ ስለሆነ የስምንት ኪሎ ሽንኩርት ሥራ ያለ ዕረፍት አይጫኑበት። ሁለት ሦስት ዙር ከሠሩ በኋላ የሞተሩን ጎን በመዳፍዎ ይንኩት። ከሞቀ ቀጣዩን ሽንኩርት እስኪልጡ ይረፍ። በድንገት ፀጥ ካለም ተበላሸ ብለው አይደንግጡ፤ ብዙ ማሽኖች ሲግሉ ራሳቸውን ያጠፋሉ። ማብሪያውን ያጥፉ፣ ይንቀሉ፣ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ።

ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቃሪያ

ለነጭ ሽንኩርት ጎድጓዳው ደረቅ ይሁን። ማሽኑን ባዶውን አስነሥተው ፍሬዎቹን በቱቦው አንድ በአንድ ይጣሉ። በዚህ መንገድ ስለቱ እየዞረ ስለሚቀበላቸው ግድግዳ ላይ ተጣብቀው ከመቅረት ይድናሉ። ዝንጅብሉን ልጠው ጭረቱን ተሻግረው እንደ ሳንቲም በስሱ ይቁረጡት፤ በቁመቱ ከገባ ጭረቱ ስለቱ ላይ ይጠመጠማል።

ብዙ ቤት ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ለወር የሚሆን ተፈጭቶ ዘይት ፈስሶበት ይቀመጣል። እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው ነገር አለኝ። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት በዘይት ተሸፍኖ ከማቀዝቀዣ ውጭ ሲቀመጥ አየር በማያገኝበት ቦታ የሚራባ ቦቱሊዝም የሚባለውን ሕመም የሚያመጣ መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ ሊያድግበት ይችላል። ሽታውም፣ ቀለሙም፣ ጣዕሙም ላይለወጥ ይችላል፤ ሕመሙ ግን ነርቭን ሽባ የሚያደርግና የሚገድል ነው። ስለዚህ ዘይት የነካው ማቀዝቀዣ ውስጥ ከ4 ቀን በላይ አይቆይ። ለረጅም ጊዜ የሚፈልጉት ከሆነ በትንንሽ ላስቲክ ጠፍጠፍ አድርገው ፍሪዘር ውስጥ ያስገቡት፤ ሲያስፈልግ ቁራሽ ሰብሮ ወደ ድስት መጣል ነው።

ቃሪያ ወይም ለዳጣ የሚሆን ሚጥሚጣ ሲፈጩ ጓንት ያድርጉ፣ መስኮቱን ይክፈቱ። ስለቱ ከቆመ በኋላም ክዳኑን ቶሎ አይክፈቱ፤ ጢሱ እስኪረጋ ትንሽ ቆይተው ፊትዎን ዞር አድርገው ይክፈቱት። አስም ያለበት ሰው ወይም ሕፃን ከወጥ ቤት ይውጣ። ፈሳሽ መጨመር ካስፈለገ በቱቦው በቀጭኑ ያፍስሱ። ደረቅ በርበሬና ኮረሪማ ግን የወፍጮ ቤት ሥራ ናቸው። ደረቅ ሽንብራና ባቄላ፣ ቡና፣ አጥንትም እንዲሁ በቤት ማሽን አይሞከሩም፤ ጎድጓዳውን ይፍቃሉ፣ ስለቱን ያደንዛሉ።

ሥጋን በተመለከተ ለክትፎ ቢላ ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ማሽን ሥጋውን ሊጥ ያደርገዋል። ለሚንቸትና ለሳምቡሳ ግን ጥሩ ነው። ሥጋውን ጅማቱን አውጥተው በኩብ ይቁረጡ፣ ጠንከር እስኪል ሃያ ደቂቃ ያህል ፍሪዘር ውስጥ ያቆዩት፣ በጥቂት በጥቂቱ በፐልስ ይክተፉ። ሲፈጭ ላዩ ላይ የነበረው ጀርም ወደ ውስጥ ስለሚደባለቅ ማሽን የከተፈው ሥጋ በደንብ ይብሰል። ሥጋ የነካው ጎድጓዳ በሙቅ ውኃና በሳሙና ሳይታጠብ ሰላጣ አይገባበትም።

ለጥቅል ጎመንና ለካሮት የመቁረጫውን ዲስክ ይጠቀሙ፤ መግፊያውን በለዘብታ ሲጫኑ ቅንጣቢው ቀጭንና እኩል ይወጣል። የተቀቀለ ድንች በስለቱ አያዙሩ፣ ስታርቹ ወጥቶ እንደ ሙጫ ይያዛል። የፈላ ሾርባም አይግባ፤ እንፋሎቱ ክዳኑን ያነሳዋል፣ ፈሳሹም በመሐሉ ዘንግ በኩል ወደ ሞተሩ ይፈሳል።

ማጠቡ

ጥንቃቄ በጣም የሚያስፈልገው አሁን ነው። ማሽኑ እየዞረ እያለ ክዳኑ ይጠብቅዎታል፤ ሲታጠብ ግን በስለቱና በጣትዎ መካከል ሳሙና ብቻ ነው ያለው።

ከነቀሉ በኋላ ስለቱ ሙሉ በሙሉ መቆሙን ዓይተው ክዳኑን ይክፈቱ። ምግቡን ከመገልበጥዎ በፊት ስለቱን በአንገቱ ይዘው ያውጡት። ብዙ ሰው ጎድጓዳውን ከነስለቱ ድስት ላይ ይደፋል፤ ስለቱ ተንሸራቶ ድስት ውስጥ ይወድቃል፣ እሱን ለማውጣት እጅ ይገባል። የወጣውን ስለት ወዲያው ከቧንቧ ሥር ይያዙትና እጀታ ባለው ብሩሽ ከአንገቱ ወደ ጫፉ እየጠረጉ ይጠቡት። በስፖንጅ አይጠቡት፤ ስለቱ ስፖንጁን አልፎ ጣት ይደርሳል።

ስለት አረፋ በሞላበት ገንዳ ውስጥ ፈጽሞ አይቀመጥ። ከላይ የሚታየው አረፋ ብቻ ነው፤ ሳህን ሊያነሳ እጁን የሚከት ሰው ስለቱን የሚያገኘው በጣቱ ነው። አጥበው ሲጨርሱም ከማንኪያና ከሹካ ጋር እንዲደርቅ አይተዉት። ለብቻው፣ በሚታይ ቦታ ይድረቅ። ሞተር ያለበትን ክፍል ግን ውኃ ውስጥ አይንከሩ፤ እርጥብ ጨርቅ ይበቃዋል።

የጎድጓዳውን ማጠብ ለማቅለል ትንሽ ለብ ያለ ውኃና ጠብታ ሳሙና ጨምረው ክዳኑን ዘግተው ሁለት ሦስት ጊዜ ፐልስ ያድርጉ፤ የተጣበቀው ይለቃል። የእርድ ቢጫ ካልለቀቀ በዘይት ያሹትና ከዚያ በሳሙና ይጠቡት። የነጭ ሽንኩርት ሽታ የሎሚ ቅርፊት ሲሻ ይቀንሳል።

እጅ ቢቆረጥ ቁስሉን በንጹሕ ውኃ አጥበው በንጹሕ ጨርቅ አሥር ደቂቃ ሳያነሱ ይጫኑት፣ እጁንም ከፍ ያድርጉ። በየመሐሉ እያነሱ ማየት ደሙን መልሶ ያስነሳዋል። ቡናም ሆነ ሌላ ዱቄት አይነስንሱበት፤ ቁስሉን ያቆሽሻል፣ ለሐኪምም ያስቸግራል። ደሙ ካልቆመ፣ ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ፣ ጣቱ ከደነዘዘ ወይም አልታጠፍ ካለ ወደ ሕክምና ቦታ ይሂዱ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ከወሰዱ ቆይተው ከሆነም ይንገሩ።

ሁሉም ሲደርቅ ስለቱን በወፍራም ካርቶን ጠቅልለው ልጆች በማይደርሱበት መደርደሪያ ላይ ለብቻው ያስቀምጡ። ጎድጓዳውን ክዳኑን ሳይቆልፉ ላላ አድርገው ይክደኑት፤ ሽታ አይቋጥርም፣ የመቆለፊያው ስፕሪንግም ሁልጊዜ ተጭኖ አይከርምም።